ሞዴል አውሮፕላንና ሚዛኑ፦ ለአሶሳ ጀማሪዎች

የጉሙዝ እናቶች ሸክማቸውን በረጅም እንጨት ጫፍና ጫፍ አንጠልጥለው በትከሻቸው ሲሸከሙ አይታችኋል። አንዱ ጫፍ ቢከብድ ትከሻው ወደ ከባዱ ጫፍ እንዲቀርብ እንጨቱ ገፋ ይደረጋል፤ ክብደት ሳይጨመር ሚዛን ይገኛል። በሪሞት የሚመራ ሞዴል አውሮፕላንም የሚገዛው በዚሁ ሕግ ነው።

የሚዛኑ ነጥብ

ለጀማሪ የሚመረጠው ክንፉ ቀጥ ያለና ከአካሉ በላይ የተቀመጠ ሞዴል ነው። የዚህ ሞዴል የስበት ማዕከል ከክንፉ የፊት ጠርዝ ሲለካ ከክንፉ ስፋት ሩብ እስከ ሲሶ ላይ መዋል አለበት፤ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከ5 እስከ 6.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ባትሪው በቦታው እንዳለ ሞዴሉን በዚህ ነጥብ ላይ ከክንፉ ሥር በሁለት ጣት ደግፈን እናንሣው። አግድም ከቆመ ወይም አፍንጫው በጥቂቱ ካዘነበለ መልካም ነው። አፍንጫው የከበደ ሞዴል ቢንቀረፈፍም ይታዘዛል፤ ጅራቱ የከበደ ግን ነፋስ አፍንጫውን ቀና ሲያደርገው ይበልጥ ቀና እያለ ይወድቃል።

እርሳስ ከመጨመር በፊት ባትሪውን ማንቀሳቀስ ይቀድማል። የ800 ግራም ሞዴል ማዕከል 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢያፈነግጥ፣ የ160 ግራም ባትሪ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ሲገፋ ይስተካከላል፤ 160 × 5 = 800 × 1 ነውና።

ከፍታውና ሙቀቱ

አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በ28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት የአየሩ እፍግታ በባሕር ጠለል ካለው መደበኛ መጠን በ20 በመቶ ያህል ያንሳል። ክንፍ የሚያገኘው የማንሳት ኃይል ከአየሩ እፍግታና ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ያው ሞዴል እዚህ ለመነሣት 12 በመቶ ያህል ተጨማሪ ፍጥነት ይፈልጋል። የሚዛኑ ነጥብ ግን አይለወጥም፤ ከፍታ የክፍሎቹን የክብደት ድርሻ አይነካምና። ስለዚህ መነሣት የዘገየበትን ሞዴል «አፍንጫው ከብዷል» ብሎ ባትሪውን ወደ ኋላ መግፋት አደገኛ ስሕተት ነው። መድኃኒቱ ረዘም ያለ መንደርደሪያ ነው።

ከመነሣቱ በፊት

ሪሞቱ ከአውሮፕላኑ ቀድሞ ይበራል፤ ከበረራ በኋላም ዘግይቶ ይጠፋል። መሪው ወደ ራስ ሲሳብ የጅራቱ አግድም ተንቀሳቃሽ ክፍል ወደ ላይ መታጠፉ ይረጋገጥ። በረራው በፈቃድ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያውና ከሰው መኖሪያ ርቆ ይሁን።

መልመጃ፦ የ1,200 ግራም ሞዴል ማዕከል 0.5 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢያፈነግጥ፣ 150 ግራም ባትሪው ምን ያህል ወደ ፊት ይገፋ? (መልስ፦ 4 ሳንቲ ሜትር)