ሚስማር ከመመታቱ በፊት
(የውጭ ግድግዳን ጣውላ ለማልበስ ልክ ስለ ማውጣት)

ከማሠልጠኛ ተቋም ወጥቶ ወደ ገጠር የተመደበ መምህር አንድ ቀን «መምህር፣ አንተ የተማርክ ነህና ይህን ሥራ ተቆጣጠርልን» መባሉ አይቀርለትም። ሥራው የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ሊሆን ይችላል፣ የእጅ ሥራ ክፍል ሊሆን ይችላል። ወላጆች ገንዘብ አዋጥተው፣ ጣውላውን ገዝተው፣ በጋሪና በአህያ አጓጉዘው ግቢው ውስጥ ከምረውታል። አናጢው መዶሻውን ይዞ ቆሟል። ታዲያ ከየት ይጀመር?

እኔ ይህን የተጠየቅሁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ትምህርት ቤቱን በስም ማንሳት አያስፈልግም። የጭቃ ግድግዳ ያለው የመጻሕፍት ዕቃ ቤት ነበረን፤ ክረምት በመጣ ቁጥር የነፋሱ ወገን ምርጊቱ እየታጠበ ስለሚረግፍ በጣውላ ይልበስ ተባለ። «ከታች ጀምሩና ወደ ላይ ውጡ» አልኩ። መመሪያዬ ይኼው ብቻ ነበር። አናጢውም የመጀመሪያውን ጣውላ መሬቱን አስጠግቶ፣ የመሬቱን መዝመም ተከትሎ መታው፤ ሌሎቹን በዓይን እየገመተ ደራረበ። ጣሪያው ሥር ሲደርስ በአንደኛው ማዕዘን 3 ሴንቲ ሜትር፣ በሌላው ማዕዘን 9 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ቀረ። ያንን ሽብልቅ የመሰለ ክፍተት በስንጣሪ ደፈንነው። ጣውላው ደግሞ ገና ከመጋዝ የወጣ እርጥብ ባሕር ዛፍ ነበር፤ በበጋ ደርቆ ሲኮማተር ድርርቡ ተከፈተ። በሐምሌ ዝናቡ በዚያ ገብቶ ለተማሪዎች የመጡትን አዳዲስ መጻሕፍት አበሰበሳቸው። ገጽና ገጹ ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። ከዚያ ወዲያ በወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነሥተው «ያዋጣነው ብር ግድግዳው ላይ ነው ወይስ ጭቃው ውስጥ?» ሲሉ መልስ አልነበረኝም።

ግድግዳውን ሊጠግኑ የመጡት ሌላ፣ በዕድሜ የገፉ አናጢ ነበሩ። እኚህ ሰው መዶሻ ከማንሣታቸው በፊት ግማሽ ቀን ሙሉ ሲለኩና በእርሳስ ሲጭሩ ዋሉ። እውነቱን ልናገር፣ በሆዴ «የቀን አበል ለመጨመር ነው» ብዬ ነበር። «መምህር፣ እንጨት ከተቆረጠ በኋላ አይቀጠልም፤ መስመር ግን ይጠፋል፣ እንደገና ይሰመራል» አሉኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው በዚያ ግማሽ ቀን ያየሁትንና በኋላ እያስተማርኩ የጨመርኩትን ነው።

በመጀመሪያ እንጨቱን እንመልከት። ዛሬ በገበያ በብዛት የሚገኘው ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ነው። የሐበሻ ጥድ ምስጥን በመቋቋም የታወቀ ቢሆንም እንደ ልብ አይገኝም፤ ዝግባ ደግሞ ለቤት ውስጥ ዕቃ እንጂ ለዝናብ የሚሆን እንጨት አይደለም። እንጨት በቁመቱ አይለወጥም ማለት ይቻላል፤ በወርዱ ግን እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው እርጥብ የባሕር ዛፍ ጣውላ ሲደርቅ 1 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊያጣ ይችላል። ድርርቡ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከነበረ ሲሶው ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ጣውላው ጥላ ሥር፣ በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየተደረገ አየር እንዲያገኘው ተከምሮ፣ ከላዩ ክብደት ተጭኖበት፣ ቢያንስ ሁለት ሦስት የበጋ ወር ይቆይ። ባሕር ዛፍ ካልተጫነበት እንደ እባብ ይጠማዘዛል።

ቀጥሎ የመነሻ መስመር ይውጣ። ከመሬት አትነሡ፤ መሬት ውሸታም ነው። በግድግዳው ዙሪያ ከፍ ያለው መሬት የት እንደ ሆነ ፈልጉና ከዚያ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ አንድ ምልክት አድርጉ። የ20 ሴንቲ ሜትሩ ምክንያት ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ መሬት ሲመታ ጭቃ ይዞ ስለሚፈናጠቅ ነው፤ ምስጥም ዋሻውን እየሠራ ሲወጣ በዚያች ባዶ ቦታ ላይ ይታያል። ይህን ምልክት ወደ ሌሎቹ ማዕዘኖች ለማድረስ ግልጽ የሆነ የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልቶ መጠቀም ነው። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ እንዳይኖር ብቻ ተጠንቀቁ፤ አረፋ ካለ ውሃውም ይዋሻል። በሁለቱ ጫፍ ያለው ውሃ ቁመቱ እኩል ይሆናልና ማዕዘን ዞሮም ቢሆን ልኩን ያደርሳል። (በሳይንስ ክፍለ ጊዜ «ውሃ ራሱን ያስተካክላል» ብላችሁ በሰሌዳ ላይ ከምትስሉ ልጆቹን ወደዚህ አምጥታችሁ ቱቦውን አስይዟቸው።) ምልክቶቹን በሲባጎ አገናኙ። የእኛ ግድግዳ በ8 ሜትር ርዝመት ውስጥ መሬቱ 6 ሴንቲ ሜትር ዘቅዝቆ ኖሯል፤ በዓይን ግን ሜዳ ነበር።

ጣውላው በቀጥታ ጭቃው ላይ አይመታም። 5 በ5 የሆነ ሞራሌ በቁመት እየተተከለ ከግድግዳው ምሰሶዎች ጋር ይያያዛል። በጣውላውና በጭቃው መካከል የሚቀረው ክፍተት አየር ያስገባል፤ ሾልኮ የገባ ውሃም በዚያ ይወርዳል። የታችኛው አፍ ክፍት ይሁን፣ ግን አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ ይደረግበት። የጭቃ ግድግዳ ሆዱ ይነፋል። እንግዲህ ሁለቱን የጫፍ ሞራሌዎች በቱምቢ አቁሙና በመካከላቸው ሲባጎ ወጥሩ፤ ሆዱ ሲባጎውን ከነካ ሁለቱንም ወደ ውጭ አውጡ፣ በጎደለው በኩል ስንጣሪ እንጨት ከሥር ደግፉ።

የሞራሌዎቹ ርቀት ከመሐል እስከ መሐል 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለ2 ሴንቲ ሜትር ጣውላ በቂ ነው። ግን ርቀቱ በዘፈቀደ አይወሰንም፤ ከጣውላው ርዝመት ጋር መስማማት አለበት። ግድግዳው 8 ሜትር፣ ጣውላው 4 ሜትር ነው እንበል። 16 ክፍተት፣ 17 ሞራሌ ይሆናል። አንዱን ረድፍ በሁለት ሙሉ ጣውላ ብትሠሩት መጋጠሚያው 9ኛው ሞራሌ ላይ ያርፋል። የሚቀጥለውን ረድፍ በ2 ሜትር ጀምራችሁ፣ 4 ሜትር አስከትላችሁ በ2 ሜትር ብትጨርሱ መጋጠሚያዎቹ 5ኛውና 13ኛው ላይ ያርፋሉ። ሁለቱ የ2 ሜትር ቁራጮች ከአንድ ጣውላ ይወጣሉ፤ የሚጣል ፍርፋሪ የለም። መጋጠሚያ በተጋጠመበት ረድፍ ላይ በቀጥታ በላዩ ሌላ መጋጠሚያ ከመጣ ግን ውሃ መንገድ አገኘ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ልክ ዘንጉ እንምጣ። ሽማግሌው አናጢ ቀጥ ያለ ቀጭን እንጨት ፈልገው ከመነሻው መስመር እስከ ጣሪያው ክፈፍ ድረስ ባለው ቁመት ልክ ቆረጡት። የእኛ ቁመት 2 ሜትር ከ44 ነበር። ጣውላው 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ድርርቡ ከ3 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጣውላ ቢበዛ 17 ሴንቲ ሜትር ይታያል።

ሰነፍ አናጢ 17፣ 17 እያለ ይወጣል። ምን ያገኛል? የመጀመሪያው ጣውላ 20 ይሸፍናል፤ 13 ጣውላ በ17 ሲባዛ 221፤ ድምሩ 241። 3 ሴንቲ ሜትር ቀረ! እኛን ያዋረደን ያው 3 ሴንቲ ሜትር። ሒሳቡ መሠራት ያለበት ከላይ ወደ ታች ነው። ከ244 ላይ የአንዱን ጣውላ ስፋት፣ 20ን፣ ቀንሱ፤ 224። ይህን ለ17 ስታካፍሉ 13 ደርሶ ትርፍ ይኖረዋል፤ ትርፍ ካለ ወደሚቀጥለው ሙሉ ቁጥር፣ ወደ 14፣ ከፍ አድርጉ። አሁን 224ን ለ14 አካፍሉ፤ 16 ይሆናል። እያንዳንዱ ረድፍ 16 ይታያል፣ ድርርቡ 4 ይሆናል፣ ጠቅላላው 15 ረድፍ ነው፤ የመጨረሻውም ጣውላ ሙሉ ሆኖ ክፈፉ ሥር ይገባል። ትርፉ ለሁሉም ተከፋፈለ እንጂ በአንዱ ላይ አልተከመረም።

«ታዲያ አለቀ» እንዳትሉ፤ መስኮት አለ። የመስኮቱ ታችኛው መቃን ከመነሻው መስመር 96 ሴንቲ ሜትር ላይ ነበር፤ 6 ጊዜ 16፣ በዕድል ገጠመ። ላይኛው መቃን ግን 210 ላይ ነው። በ16 ብንቀጥል አንዱ ጣውላ ከ208 ይጀምርና 2 ሴንቲ ሜትሩ ተጎርዶ መስኮቱን ማቀፍ ሊኖርበት ነው። እንዲህ ያለ ጉርድ ደግሞ ማዕዘኑ ላይ ይሰነጠቃል። ሽማግሌው ግድግዳውን በሦስት ከፈሉት። ከታች እስከ መስኮቱ 6 ረድፍ በ16። ከመስኮቱ ግርጌ እስከ ራሱ 114 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለ7 ሲካፈል 16.3 ይጠጋል። ከ210 እስከ ክፈፉ የቀረው 34 ለሁለት ተከፍሎ 17 ይሆናል፤ የመጨረሻው ጣውላ 3 ሴንቲ ሜትር ይላጣል፣ እሱም ጥላ ውስጥ ነውና ማንም አያየውም። 6፣ 7ና 2 ሲደመር ያው 15 ረድፍ ነው። የ16፣ የ16.3ና የ17 ልዩነት ግቢ ውስጥ ለቆመ ሰው ፈጽሞ አይታይም፤ በመስኮት ራስ ላይ የተጎረደ ጣውላ ግን ከመንገድ ይታያል።

ምልክቱን ዘንጉ ላይ ስታደርጉ አንዱን ልክ ከሌላው ጫፍ እየቀጠላችሁ አትለኩ። በእያንዳንዱ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ብትስቱ በ14ኛው ላይ ስሕተቱ ከ4 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ሜትሩን ከዜሮ ሳታነሡ 96፣ 112.3፣ 128.6፣ 144.9፣ 161.1፣ 177.4፣ 193.7፣ 210 እያላችሁ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ዘንጉን በእያንዳንዱ ሞራሌ ላይ፣ ግርጌውን ከሲባጎው ጋር እያስተካከላችሁ፣ ምልክቱን አስተላልፉ። ሜትሩን ኪሳችሁ ክተቱት፤ ከዚህ በኋላ አያስፈልግም።

ስለ ሚስማር ጥቂት ልበል። የመጀመሪያው ረድፍ እንደ ሌሎቹ ዘንበል እንዲል በየሞራሌው ላይ፣ ከግርጌው በስተጀርባ፣ የጣውላው ውፍረት ያላት ቁራጭ ትደረግ። ወጥ እንጨት ብታደርጉ አየሩን ትዘጋላችሁ። ሚስማሩ ባለ 7 ሴንቲ ሜትር፣ ዝገት የማይበላው ይሁን፤ በየሞራሌው አንድ ብቻ፣ ከጣውላው ታችኛ ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይመታ። ምክንያቱም ከሥሩ ያለውን ጣውላ ሳይወጋ በላዩ ማለፍ አለበት። ሁለቱን አንድ ላይ ከሰፋችኋቸው ክረምት ሲያብጡ፣ በጋ ሲኮማተሩ መላወሻ አጥተው ይሰነጠቃሉ። ጫፍ ላይ ሲሆን ቀድማችሁ ብሱት። የተቆረጠውን ጫፍ ዘይት ወይም ቀለም አጠጡት፤ እንጨት ውሃ የሚጠጣው በአፉ ነው። ብዙ ሰው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል፤ ለአጥር ይሁን፣ ልጆች ለሚደገፉበት ግድግዳ ግን እኔ አልወደውም። ለልብሳቸውም ለቆዳቸውም አይበጅም።

የጣውላው ብዛት ለዚህ ግድግዳ 15 ረድፍ በ2 ጣውላ፣ 30 ነው። የመስኮቱን ቀዳዳ አትቀንሱ፤ ከሱ የሚተርፈው ለስንጥቁና ለጠማማው ይሁን። ሦስት ጨምራችሁ 33 ብላችሁ ለወላጅ ኮሚቴው ጻፉ፤ ስሌቱንም አብራችሁ አሳዩዋቸው። እኔ በሁለተኛው ዙር ስሌቱን በሰሌዳ ላይ ጽፌ አስረዳኋቸው። ያ ቀደም ሲል የጠየቁኝ አባት እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ «እህ፣ ባለፈውም ይኸው ቢነገረን» ብለው ተቀመጡ።

በክፍል ውስጥ ለማስተማር ጣውላ አያስፈልግም። አንድ ካርቶን በ24.4 ሴንቲ ሜትር ቁመት ቁረጡ፤ ልጆቹ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸውን የወረቀት ዘንጎች አዘጋጅተው ድርርቡ ከ3 ሚሊ ሜትር ሳያንስ ያልብሱት። ግማሾቹን ያለ ሒሳብ፣ ግማሾቹን በልክ ዘንግ አሠሯቸውና ሁለቱን ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ስቀሉ።

መልመጃ፦ ቁመቱ 2 ሜትር ከ61 ለሆነ፣ መስኮት ለሌለው ግድግዳ፣ 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ አለን፤ ድርርቡ ከ3 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። ስንት ረድፍ ይሆናል? ድርርቡስ በትክክል ስንት ይመጣል? 18 ረድፍ ያላገኘ ሰው ከቅነሳው ጀምሮ እንደገና ይሥራ።