የጨጓራ ካንሰርና ፀረ ኦክሲዳንቶች

ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ በጨጓራ ሲሰፍር፣ ነጭ የደም ሴሎች ሊያጠፉት ጎጂ የኦክሲጅን ውሁዶችን ይለቁበታል። ባክቴሪያው ካታሌዝ በተባለ ኢንዛይም ራሱን ይከላከላል፤ ጉዳቱ የሚተርፈው ለጨጓራችን ሴሎች ነው። ዲኤንኤያቸው ለዓመታት ሲጎዳ ካንሰር ሊነሣ ይችላል። ፀረ ኦክሲዳንት የሚባሉት ቫይታሚን ሲና ግሉታታዮን ጉዳቱን ይመክታሉ፤ ይሁንና ባክቴሪያው ባለበት ጨጓራ ቫይታሚን ሲ ራሱ ይመናመናል።

እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመ ጥናት፣ በቻይናዋ ሊንሺያን የተመጣጠነ ምግብ ላጡ ነዋሪዎች ቤታ ካሮቲን፣ ቫይታሚን ኢና ሴሌኒየም ከአምስት ዓመት በላይ ተሰጥቶ በጨጓራ ካንሰር የሚሞቱት በ21 በመቶ ቀነሱ። ሆኖም ያው ቤታ ካሮቲን በፊንላንድ አጫሾች ዘንድ የሳንባ ካንሰርን አበራክቷል። ስለዚህ ጨጓራውን የሚያመው ሰው የቫይታሚን እንክብል ከመግዛቱ አስቀድሞ ይመርመር፤ ባክቴሪያው ከተገኘበትም ሕመሙ ቢቀልለት እንኳ የታዘዘለትን መድኃኒት ሳያቋርጥ ይጨርስ።