ቁልፉን ስትረከብ መረጃውንም ተረከብ

ልጄ፣ ሂርና የሕንፃ ጥገና ኃላፊ ሆነህ መመደብህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ቢምን (የሕንፃ መረጃ ሞዴሊንግን) የተማርከው ለዲዛይን ነው፤ ትልቁ ጥቅሙ ግን ተቋራጩ ዕቃውን ጭኖ ከሄደ በኋላ ባሉት አርባና ሃምሳ ዓመታት ነው። የምነግርህን ልብ ብለህ ያዝልኝ።

1. መረጃውን ከመጨረሻው ርክክብ በፊት ጠይቅ። የመያዣው ገንዘብ እስካልተለቀቀ ድረስ ተቋራጩ ስልክህን ያነሳል፤ ከዚያ ወዲያ ልመና ነው። ውሉ ላይ «ሞዴሉን ያስረክባል» ብቻ ከተባለ ስክሪን ላይ የሚሽከረከር ቆንጆ ሥዕል ይሰጡሃል፤ የፓምፑ ሞዴል፣ ተከታታይ ቁጥሩ፣ የዋስትናው ማብቂያና የጥገና መመሪያው ግን አይኖርበትም። አንድ በአንድ አስጽፋቸው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የቢም ደረጃ፣ አይኤስኦ 19650 ክፍል 3፣ ሕንፃ የሚያስተዳድር ወገን የሚፈልገውን መረጃ አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ የሕንፃ መረጃ ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው በወጉ ባለመተላለፉ አገሪቱ በዓመት 15.8 ቢሊዮን ዶላር ታጣለች ብሎ ገምቶ ነበር። ከዚህ ሁለት ሦስተኛው የወደቀው በሕንፃ ባለቤቶችና በአስተዳዳሪዎች ላይ ነው፤ በእኔና በአንተ ቢጤዎች ማለት ነው።

2. ከሁሉ በፊት ባልቦላና ብሬከር። ሌሊት ፎቅ ላይ ቧንቧ ሲፈነዳ ዘበኛው የሚያውቀው ዋናውን መዝጊያ ብቻ ነው፤ እሱን ሲዘጋ ሕንፃው በሙሉ ውኃ ያጣል። ሞዴሉ ላይ እያንዳንዱ ባልቦላ ቁጥር ይኑረው፤ የትኞቹን ክፍሎች እንደሚዘጋም ይጻፍበት። ያው ቁጥር ቆርቆሮ ላይ ተቀርጾ ከባልቦላው ይታሰር። ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት ፎቶ አንሳና ከዚያው ቁጥር ጋር አያይዘው። ለመብራቱም እንዲሁ። ከተማችሁ ውስጥ ያለውን የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አስብ፦ እንዲህ ባለ ቤት መብራት ሲጠፋ ናሙና የያዘው ፍሪጅ የጄኔሬተሩ መስመር ላይ መሆን አለመሆኑ ወዲያው መታወቅ አለበት። ቦርድ ከፍቶ እየነካኩ መፈለግ ናሙናም ያበላሻል፣ ሰውም ይገድላል።

3. የመለዋወጫውን ዓይነት ዕቃው ሳይሰበር መዝግብ። የፓምፕ ኩሽኔታ ሂርና ካልተገኘ ድሬዳዋ ወይም አዲስ አበባ ሰው መላክ ነው፤ ቁጥሩ ከተሳሳተ ደግሞ ያንኑ መንገድ ሁለት ጊዜ ትከፍላለህ።

4. «ኮምፒውተሬ ሞዴሉን መክፈት አይችልም» ብለህ አትተወው። ኮቢ የሚባለው የመረጃ አያያዝ በ2007 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ኮር የወጣ ሲሆን፣ በተራ ኤክሴል ይከፈታል፦ ክፍል፣ ዕቃ፣ ዓይነት፣ መለዋወጫ፣ የሥራ ፕሮግራም። ሞዴሉን ስትረከብ ሬቪት ከሚባለው የዲዛይን ሶፍትዌር ፋይል ጋር በሌሎች ሶፍትዌሮችም የሚከፈተውን የአይኤፍሲ ቅጂ ተቀበል፤ በአዲስ ሬቪት የተቀመጠ ፋይል በአሮጌው አይከፈትምና።

5. የተለወጠውን በዚያው ቀን አስገባ። ኤሌክትሪሻኑ መስመር ካዞረ፣ አናጺው ክፍል ከከፈለ፣ የሥራ ትእዛዙ ሞዴሉ ሳይስተካከል አይዘጋ። ይህን ደንብ ከመጀመሪያው ሳምንት አንስተህ አጥብቀው። ሠራተኞችህ አንድ ጊዜ ከሞዴሉ የተሳሳተ ነገር ካገኙ ተመልሰው አይከፍቱትም፤ እኔም አልፈርድባቸውም።

6. ስንጥቅን መዝግብ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደጋገመው ርዕደ መሬት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ አንተ ያለህበት ሐረርጌም የስምጥ ሸለቆው ጎረቤት ነው። ስንጥቅ ስታይ በሁለቱም ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርግ፣ ቀን ጻፍ፣ ስፋቱን ለካ፣ ፎቶውን ከዚያ ግድግዳ ጋር ሞዴሉ ላይ አስቀምጥ። ወር ጠብቀህ ድገመው። ምልክቱን ካለፈ ልስን አታስደርግበት፤ የስትራክቸር መሐንዲስ ጥራ፣ እስኪመጣም ክፍሉን ዝጋ።