ነጭ ሽንኩርት የሚያበሰብሰው ሻጋታ



ጓሳ አጠገብ ባረፍኩበት ቤት የጓሮው ነጭ ሽንኩርት ቢጫ ሆነ። እማማ «ውርጭ መታው» አሉ። በመንዝ ደጋ ውርጭ የተለመደ ነውና እኔም አመንኩ። በነጋታው አንዱን ሳብ ባደርገው ያለ ምንም ትግል ተነቅሎ መጣ። ሥሩ በስብሷል። ራሱ ላይ እንደ ባዘቶ ያለ ነጭ ሻጋታ አለ። በላዩ ባሩድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ከጤፍ ያነሱ ጥቁር ፍሬዎች ናቸው።

ውርጭ ቅጠል ያቃጥላል እንጂ ሥር እንዲህ አያበሰብስም። ይህ ነጭ አበስብስ የሚባል በሽታ ነው። ብርድና እርጥበት ይስማማዋል።

እነዚያ ጥቁር ፍሬዎች የበሽታው ዘር ናቸው። አፈር ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ተኝተው ሊቆዩ ይችላሉ። የሚቀሰቅሳቸው ምን መሰላችሁ? የሽንኩርት ሥር ሽታ ነው! ገብስ ወይም ባቄላ ቢዘራ አይነኩትም። ነጭም ሆነ ቀይ ሽንኩርት ሲተከል ግን ይነሣሉ። የጓሳ ሣር እንዲያገግም በቀሮ ሥርዓት 3 ወይም 5 ዓመት ይከለከል ነበር። የታመመ መደብ ግን በ5 ዓመት አይድንም።

ስለዚህ የታመመውን ከነዙሪያው አፈር ቆፍራችሁ አውጡና አቃጥሉት። ፍግ ውስጥ አትጣሉት። ለበግም አትስጡ፤ የበሽታው ዘር ሳይሞት ከበጠጡ ጋር ሊመለስ ይችላል። ዶማችሁንና እግራችሁን ሳትታጠቡ ወደ ሌላው መደብ አትሂዱ። በዚያ መደብ ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንች ወይም ጎመን አድርጉበት። ነጭ ሽንኩርቱን ጎርፍ ከታመመው መደብ ወደማይደርስበት ንጹሕ መሬት ውሰዱት።

መድኃኒትስ? ቴቡኮናዞል የሚባለው ዘሩ ላይ ሲደረግ ጉዳቱን ይቀንሳል፤ አፈሩን ግን አያጸዳም። መጠኑን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ። መድኃኒት የነካው ዘር አይበላም።

ከሁሉ የሚከፋው ዘር መዋዋስ ነው። እማማ ከዚያው መደብ ደህና የሚመስለውን መርጠው፣ አዲስ ጎጆ ለወጣችው ልጃቸው ለዘር ሊልኩላት በቁና አስቀምጠው ነበር። ደህና ቢመስልም የበሽታውን ዘር ሊይዝ ይችላል። «ባዶ እጄን ልቅር?» ብለው ተከራከሩኝ። እውነታቸውን ነው፤ ለልጅ ዘር መስጠት ወግ ነው። በመጨረሻ ሽንኩርቱን ለወጥ አደረግነው፤ ልጣጩን እሳት ውስጥ ጨመርን። ለልጅቷም የባቄላ ዘር ተላከላት።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ የምትተክሉት ነጭ ሽንኩርት ከማን ጓሮ የመጣ ነው? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።