ብርቅዬ የምድር ኦክሳይዶችና የብረት-ክሮሚየም ቅይጥ ኦክሲዴሽን፦ ለኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦ ያለው ትርጉም

መግቢያ

በሸዋ ሮቢትም ሆነ በሌሎች የይፋት ቆላ ከተሞች የኤሌክትሪክ ምጣድ ዕድሜ በአመዛኙ የሚወሰነው ከሸክላው ሥር በተጋደመው ጥምዝ የማሞቂያ ሽቦ ነው። ሽቦው የሚሠራው ከኒኬል-ክሮሚየም ወይም ከብረት-ክሮሚየም-አሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ይህ ጽሑፍ ጥቂት የኢትሪየም፣ የሴሪየም ወይም የላንታነም ኦክሳይድ ብረት-ነክ ቅይጦችን ከቃጠሎ የሚጠብቅበትን መንገድ ይመረምራል።

የመከላከያው ቅርፊት

20 በመቶ ያህል ክሮሚየም ያለው ብረት በጋለ አየር ውስጥ የክሮሚየም ኦክሳይድ ቅርፊት ያበቅላል። የቅርፊቱ ውፍረት ካሬ ከጊዜ ጋር በቀጥታ ያድጋል። ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግን ቅርፊቱ መትነን ስለሚጀምር፣ አሉሚኒየም ተጨምሮበት የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ቅርፊት የሚያበቅል ቅይጥ ይመረጣል። ሁለቱም ቅርፊቶች ሲቀዘቅዙ ከብረቱ ያነሰ ስለሚኮማተሩ የመላጥ አደጋ አለባቸው።

የኦክሳይዶቹ ሥራ

የእነዚህ ንጥረ ነገሮች ጥቅም እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣ የፈጠራ መብት ሰነድ ተመዝግቧል። ከ1 በመቶ በታች የሆነ መጠን ይበቃል። የክሮሚየም አዮን ሬዲየስ 0.62 አንግስትሮም ሲሆን የኢትሪየም 0.90፣ የላንታነም ደግሞ 1.03 ነው። ትልልቆቹ አዮኖች በቅርፊቱ የክሪስታል ወሰኖች ላይ ይከማቹና ወደ ውጭ የሚሰርገውን ክሮሚየም ያግዳሉ፤ ዕድገቱም በአመዛኙ ወደ ውስጥ በሚገባው ኦክስጅን ይቀጥላል። የዕድገቱ ቋሚ በ10 እጥፍ ቢቀንስ፣ በእኩል ጊዜ የሚገኘው ውፍረት ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል። በተጨማሪም ንጥረ ነገሮቹ የቅርፊቱንና የብረቱን ትስስር የሚያዳክመውን ድኝ ይይዛሉ። መጠናቸው ሲበዛ ግን ውስጣዊ ኦክሲዴሽንን ያፋጥናሉ።

ውይይት

የምጣድ ሽቦ በእያንዳንዱ ጋገራ ይግላል፣ ይቀዘቅዛል። ቅርፊቱ በተላጠ ቁጥር አዲስ ቅርፊት ለማብቀል ክሮሚየም ወይም አሉሚኒየም ይወጣል፤ የቀጭን ሽቦ ክምችት ደግሞ ጥቂት ነው። በአንድ ቦታ የሳሳ ሽቦ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይጨምራል፣ ይበልጥ ይግላል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል። ስለዚህ ለምጣድ ከዕድገት ፍጥነት መቀነስ ይልቅ የቅርፊቱ አጥብቆ መያዝ ይበልጣል።

መደምደሚያ

ለዚህ አገልግሎት የሚዘጋጅ ቅይጥ በማይለዋወጥ ሙቀት ብቻ ቢፈተን ዋናው ጥቅም ሳይታይ ይቀራል። ፈተናው በተደጋጋሚ ማጋልና ማቀዝቀዝ ሊካሄድ፣ የናሙናውና የተላጠው ቅርፊት ክብደትም ለየብቻ ሊመዘን ይገባል፤ አለዚያ በኦክስጅን የተጨመረው ክብደት በመላጥ የጠፋውን ይሸፍነዋል።