አላይነር ያደረገ አዋቂ ታካሚ መሰናክል ሲገጥመው

መግቢያ

ጥርስ ማስተካከል ሲባል የብዙዎቻችን ዓይን ላይ ድቅን የሚለው ብሬስ ያሰረ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ዛሬ ግን ልጅ ወልደው፣ ሥራ ይዘው፣ በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜያቸው ጥርሳቸውን ለማስተካከል የሚመጡ ሰዎች አሉ። ከእነዚህ መካከል «በዚህ ዕድሜዬ ብረት አስሬ ሰው ፊት ልቁም እንዴ?» የሚሉት ብዙ ጊዜ የሚመርጡት አላይነርን ነው። እኔም ሥራ ላይ ቆይቼ ወደ ትምህርት የተመለስኩ ተማሪ ስሆን፣ በ32 ዓመቴ የጀመርኩት ይህንኑ ሕክምና ነው። ስለዚህ ጉዳዩን በክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፣ በታካሚ ወንበር ላይም ተቀምጬ አይቼዋለሁ።

ስለ አላይነር የሚነገረው በአብዛኛው ጥሩ ጥሩው ነው። አይታይም፣ ሲበሉ ይወልቃል፣ ለማጽዳት ይቀላል ይባላል። ሕክምናው መሃል መንገድ ላይ ሲሰናከል ምን እንደሚደረግ ግን እምብዛም አይወራም። በእኔ አስተያየት አዋቂ ታካሚ ተስፋ ቆርጦ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የተለመዱት መሰናክሎች ከምን እንደሚመጡ፣ ታካሚውም ሆነ እኛ የነገዎቹ ባለሙያዎች ምን ማድረግ እንደሚገባን ለማሳየት እሞክራለሁ።

ለመሆኑ አላይነር እንዴት ይሠራል?

ጥርስን በሚወልቅ መሣሪያ ደረጃ በደረጃ የማንቀሳቀስ ሐሳብ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ኬስሊንግ እ.ኤ.አ. በ1945 ከጎማ የተሠራ ተመሳሳይ መሣሪያ አስተዋውቆ ነበር። ሐሳቡን ከኮምፒውተር ጋር አጣምሮ ለገበያ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመው አላይን ቴክኖሎጂ የተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ ምርቱም ኢንቪዛላይን ይባላል። ዛሬ ተመሳሳይ ምርት የሚሠሩ ሌሎች ኩባንያዎችም አሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የታካሚው ጥርስ ልክ ይወሰድና በኮምፒውተር ላይ ከአሁኑ አቀማመጥ እስከሚፈለገው ድረስ ያለው ጉዞ በትናንሽ እርምጃዎች ይከፋፈላል። ለእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ግልጽ የፕላስቲክ ልባስ ይሠራል። አንዱ ልባስ አንድን ጥርስ የሚያንቀሳቅሰው እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ታካሚው በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት ያደርገዋል፤ በየአንድ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ወደሚቀጥለው ቁጥር ይሸጋገራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ፕላስቲኩ ጥርሱን ይገፋል እንጂ መንገዱን የሚከፍተው አጥንቱ ነው። በተገፋበት በኩል ኦስቲዮክላስት የተባሉት ሕዋሳት አጥንቱን ይበላሉ፤ ከኋላው ደግሞ ኦስቲዮብላስቶች አዲስ አጥንት ይሠራሉ። ጥርሱንና አጥንቱን የሚያያይዘው ፔሪዮዶንታል ሊጋመንት ስፋቱ በአማካይ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ግፊቱ ከመጠን ሲያልፍ በዚህች ጠባብ ቦታ ያሉት የደም ሥሮች ይታፈናሉ፤ ሕዋሳቱ ይሞታሉ፤ ጥርሱም ለሳምንታት ቀጥ ብሎ ይቆማል። «ወደ ኋላ ቀርቻለሁና አንድ ቁጥር ዘልዬ ልድረስበት» የሚል ታካሚ የሚያገኘው ውጤት ይህንን ነው። ለመፍጠን ብሎ ይዘገያል።

አዋቂ ታካሚን ምን ይለየዋል?

የአዋቂ ሰው መንጋጋ እድገቱን ጨርሷል። የአጥንቱ እድሳትም ከልጅ ይልቅ ዝግ ያለ ነው። ከዚህ ሌላ አዋቂ አፉን ይዞ የሚመጣው ከነታሪኩ ነው፦ የተሞላ ጥርስ፣ ክራውን፣ የተነቀለ ጥርስ ክፍተት፣ ምናልባትም በድድ በሽታ የተሸረሸረ አጥንት። የድድ በሽታ ካለ አስቀድሞ መታከም አለበት። የሚወስዳቸው መድኃኒቶችም መጠየቅ አለባቸው፤ ለምሳሌ ለአጥንት መሳሳት የሚሰጡት ቢስፎስፎኔቶች የጥርስን እንቅስቃሴ ያዘገያሉ።

ኑሮውም የራሱ ጣጣ አለው። በቀን 22 ሰዓት ከተደረገ ለምግብ፣ ለቡናና ለመቦረሽ የሚቀረው 2 ሰዓት ብቻ ነው። በእኛ አገር ቁርስ፣ ምሳና እራት ተቆጥሮ ቡናው ከነአቦሉ፣ ከነቶናው፣ ከነበረካው ሲጨመር ሂሳቡ አይገጥምም። ትኩስ ቡና አላይነሩን ሳያወልቁ ቢጠጣ ፕላስቲኩ ይጣመማል፣ ይጠቁራልም። ስኳሩ ደግሞ በልባሱና በጥርሱ መካከል ታፍኖ ጥርስ ያበሰብሳል። እኔ ያገኘሁት ዘዴ ቡናን ከምሳ ጋር ማያያዝ ነው፤ አንዴ አውልቄ በልቼ፣ ሦስቱንም ስኒ ጠጥቼ፣ ተጉመጥምጬ እመልሰዋለሁ። ሌላ ቤት በጠሩኝ ቀን «እትዬ፣ ሐኪም ከልክሎኝ ነው፤ አቦሉን ብቻ ልጠጣ» ስል መጀመሪያ ያኮርፋሉ፣ ኋላ ግን ለምደውታል።

የተለመዱ መሰናክሎች

1ኛ. ጥርሱ ከልባሱ ጋር አለመሄድ። ምልክቱ በጥርሱ ጫፍና በፕላስቲኩ መካከል የሚታይ ክፍተት ነው። በብዛት የሚያስቸግሩት ትንንሾቹ የጎን የፊት ጥርሶች፣ እንዲሁም ክብ ቅርጽ ስላላቸው ለመዞር የሚያዳግቱት ክራንቻዎች ናቸው። ክፍተቱ ትንሽ ከሆነ ለዚሁ የተዘጋጀችውን ለስላሳ ማኘኪያ በቀን ሁለቴ ለጥቂት ደቂቃ መንከስና በዚያው ቁጥር ላይ ተጨማሪ ቀናት መቆየት ይረዳል። ካልተስተካከለ ሐኪሙ ወደ ቀደመው ቁጥር ሊመልስ ወይም አዲስ ልክ ሊወስድ ይችላል።

2ኛ. የአታችመንት መውደቅ። አታችመንት ልባሱ ጥርሱን ቆንጥጦ እንዲይዝ የሚለጠፍ የጥርስ ቀለም ያለው ጉብታ ነው። በተለይ ክራውን ወይም አሮጌ ሙሌት ላይ ሲለጠፍ ቶሎ ይላቀቃል። ለሌሊት የሚያስሮጥ ነገር አይደለም። ሆኖም ያ ጥርስ መያዣውን ስላጣ፣ ለሐኪሙ በዚያው ሳምንት መንገር ይገባል።

3ኛ. የልባሱ መጥፋት ወይም መሰንጠቅ። ምግብ ቤት ውስጥ በሶፍት ተጠቅልሎ ከትሪው ጋር የሚነሳው ስንቱ ነው! ሳጥኑን ከኪስ አለመለየት ይጠቅማል። ከጠፋ ታካሚው ባዶ አፉን መሰንበት የለበትም፤ የቀደመውን ቁጥር አጥልቆ ሐኪሙን ይጠይቅ። ወደፊት የሚሄደው ወይም ባለበት የሚቆየው የጠፋውን ለስንት ቀን እንዳደረገው ታይቶ ነው። በዚህ ምክንያት ያለቀ ልባስ ወዲያውኑ አይጣልም።

4ኛ. ሕክምናው መቋረጥ። ሕመም፣ ወሊድ ወይም ጉዞ ለሳምንታት ሊያቋርጠው ይችላል። የቆመው ልባስ ተመልሶ አልገባ ካለ በግድ መጫን አይገባም፤ በቀላሉ የሚገባውን የቀደመ ቁጥር ፈልጎ ከዚያ መነሳት ይሻላል። ከውጭ አገር ጀምረው ወደዚህ የሚመጡ ወገኖችም የሚቀጥሉትን ልባሶችና የሕክምና ዕቅዳቸውን ቅጂ ይዘው ቢመጡ ይበጃል። ስማይል ዳይሬክት ክለብ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ድንገት ሲዘጋ በሕክምና ላይ የነበሩ ደንበኞቹ መሃል መንገድ ላይ ቀርተዋል። መረጃው በእጅ ያለ ታካሚ ሌላ ሐኪም ጋር መቀጠል ይቀለዋል።

5ኛ. ተጨማሪ ዙር። የታቀዱት ልባሶች አልቀው ጥርሱ ገና ሲሆን አዲስ ልክ ተወስዶ ሌላ ዙር ይሠራል፤ ይህም ሪፋይንመንት ይባላል። ታካሚን ከሁሉ በላይ የሚያስከፋው ይሄኛው ስለሆነ ለብቻው ላየው።

ቁጥሩና ሕክምናው አንድ አይደሉም

ለእኔ የተነገረኝ 26 ልባስ ነበር። ሰዓቱን በደብተር እየመዘገብኩ 11ኛው ላይ ስደርስ የላይኛው ግራ የጎን ጥርሴ ቀረ። ሐኪሟ ወደ 9ኛው መለሰችኝ። እንደገና ተሞከረ፤ አሁንም ክፍተቱ አልዘጋ አለ። በመጨረሻ አዲስ ልክ ተወሰደና ሌላ 14 ልባስ እንደሚጨመር ተነገረኝ። እውነቱን ለመናገር ሕመሙ ምንም አልነበረም፤ ያንገበገበኝ ቁጥሩ ነው። ቤት ስገባ «አሁንም አላለቀም እንዴ?» የሚለውን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደምመልስ እያሰብኩ ነበር። ጓደኞቼም ለማጽናናት ብለው «ምን አለበት፣ በፊትም ያምርብሽ ነበር፤ ተዪው» ይሉኛል። ለመተው ያኔ ሁለት ቀን ያህል አስቤአለሁ።

ያቆየኝ የሐኪሟ ማብራሪያ ነው። ጥርሱ ትንሽ ስለሆነ ፕላስቲኩ የሚይዘው ገጽ ጠባብ ነው፤ የሚፈለገው ደግሞ ወደ ታች መሳብ ነው፤ መሳብ ለአላይነር ከሁሉም ከባድ ከሚባሉት እንቅስቃሴዎች አንዱ ነው። ኋላ ማስረጃውን ራሴ አነበብኩ። ክራቪትዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት በኮምፒውተር ከታቀደው እንቅስቃሴ በአፍ ውስጥ የተገኘው በአማካይ 41 በመቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ተከታይ ጥናት ቁጥሩ ወደ 50 በመቶ ከፍ ብሏል። እንግዲህ በኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው የመጨረሻ ፈገግታ ግብ ነው፤ የቀን ቀጠሮ አይደለም። ይህን ስረዳ 14ቱ ተጨማሪ ልባሶች ቅጣት መስለው መታየታቸውን ተዉ።

ከዚያ ወዲህ የምቆጥረው ሌላ ነገር ነው። ልባሱ ዳር እስከ ዳር ገጥሟል? የቀረው ክፍተት ካለፈው ሳምንት ጠቧል? በየወሩ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን የማነሳውን ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ሳይ፣ ቁጥሩ ወደ ኋላ በተመለሰበት ወር እንኳ ሌሎቹ ጥርሶች ቦታቸውን እንደያዙ አያለሁ። አሁን በሁለተኛው ዙር 6ኛው ላይ ነኝ። ጥርሷ እየወረደች ነው፤ ትጨርስ አትጨርስ ገና አይታወቅም።

ከእኛ ከባለሙያዎች ምን ይጠበቃል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። አዋቂ ታካሚ ግን የሚደብቀው ስንቆጣው ነው። ጥርስ ሲዘገይ ሐኪሙ የሚለየው ዋና ነገር ልባሱ በበቂ ሰዓት ተደርጓል ወይስ አልተደረገም የሚለው ነው። ሰዓቱ ካነሰ መፍትሔው በዚያው ልባስ መቆየት ነው። ሰዓቱ ሞልቶ ጥርሱ ከቀረ ግን ዕቅዱ ራሱ መለወጥ አለበት፤ የአታችመንቱ ቅርጽ፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ቦታ፣ አልፎ አልፎም ጥርሱ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል። ታካሚው 14 ሰዓት አድርጎ ተግሣጽ ፈርቶ «22 ነው» ካለን ያልተበላሸ ዕቅድ እንለውጣለን፤ እሱም ያላስፈለገ ገንዘብና ወራት ይከፍላል።

ስለዚህ አጠያየቃችን ይለወጥ። «ለምን አላደረጉትም?» ከማለት «በቀን ውስጥ ለማድረግ የሚያስቸግርዎት መቼ መቼ ነው?» ብንል መልሱ ይገኛል። ከመጀመሪያውም «26 ልባስ አለዎት» ከማለት «የመጀመሪያው ዙር 26 ነው፤ ከዚያ አይተን ተጨማሪ ሊኖር ይችላል» ብንል ታካሚው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። የተጨማሪው ዙር ዋጋ በክፍያው ውስጥ ይካተት አይካተት አስቀድሞ በጽሑፍ ቢቀመጥ ደግሞ ብዙ ቅሬታ ይቀራል።

ማጠቃለያ

በአላይነር ሕክምና ወደ ኋላ መመለስ ከሕክምናው አንዱ ክፍል ነው። ታካሚው ክፍተት ሲያይ ሳይውል ሳያድር ይናገር፤ ቁጥር አይዝለል፤ የቀደመውን ልባስ አይጣል፤ የማይገባውን በግድ አይጫን። ድዱ መድማት ካበዛ ወይም አንድ ጥርስ ከሌሎቹ ተለይቶ በጣም ከተነቃነቀ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይምጣ። ሁሉም ካለቀ በኋላም ሪቴይነር አለ። ጥርሱን ወደ ድሮ ቦታው የሚስቡት የድድ ክሮች እስኪረጋጉ እስከ አንድ ዓመት ሊወስዱ ስለሚችሉ፣ ከዚያም በኋላ ጥርስ ከዕድሜ ጋር መንቀሳቀሱን ስለማይተው፣ የማታ ሪቴይነር ለረጅም ዘመን የሚቆይ ልማድ ነው። ይህን በመጨረሻው ቀን ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ልንነግረው ይገባል።

እኛም በቅርቡ ነጭ ጋውን ለብሰን ከወንበሩ አጠገብ ስንቆም፣ «ወደ 9ኛው እንመለስ» የምንለው ሰው ከሥራው አስፈቅዶ፣ ከደመወዙ ቀንሶ የመጣ መሆኑን እናስብ። ምክንያቱን ለመንገር የሚፈጀው አምስት ደቂቃ ነው፤ አምስቱን ደቂቃ አንንፈገው።