ካርቶን ውስጥ ያለው ቡችላ

ጥያቄ፦ ቦሌ መንገድ ዳር ቡችላ በካርቶን ይዘው የሚሸጡ ልጆች አሉ። ለልጄ ልግዛላት? (ከገርጂ)

መልስ፦ እኔ ብሆን አልገዛም። «ሁለት ወር ሞልቶታል» ይሉዎታል። አፉን ከፈት አድርገው ይዩ፤ የወተት ጥርሱ ገና ድዱን እየቀደደ ከሆነ ከአንድ ወር ብዙም አልዘለለም። ከእናቱ ጋር ቢያንስ 8 ሳምንት መቆየት ነበረበት። ያልተከተበ ቡችላ ፓርቮ የሚባለው በሽታ ከያዘው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይጀምረውና በጥቂት ቀን ሊሞት ይችላል፤ ልጅዎም ታለቅሳለች።

«እናቱን አሳዩኝ» ይበሉ። ሰበብ ካበዙ ይተዉት። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2020 ነጋዴ አትርፎ ቡችላ እንዳይሸጥ ከልክላለች፤ ገዢው ከራሱ ከአርቢው፣ እናትየው ባለችበት ይወስዳል። እናቱን ለማየት ሻጮቹ ቤት ሲሄዱ ውሻዋ አጥንቷ ገጦ ካዩ፣ ያለ እረፍት እያስወለዷት ሊሆን ይችላል። የክትባት ደብተሩ ላይ የሐኪም ማኅተም ይፈልጉ። የእብድ ውሻ ክትባቱን ግን 3 ወር ሲሞላው እርስዎ ያስከትቡታል።